ከፊልትሮው ወዲያ የተገኘ ቀይ አቧራ

ኅዳር አጋማሽ፣ ከቀትር በኋላ ነው። አጋሮ መውጫ ላይ ካለች አንዲት ጋራዥ ደጃፍ ያረጀ ፒክአፕ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ከጌራ በኩል እሸት ቡና ሲያመላልስ የሰነበተ መኪና ነው፤ ነጭ ቀለሙ ጡብ መስሏል። የፋብሪካው የአየር ፊልትሮ ቤት በነበረበት ቦታ ለውሃ መስመር የሚሸጥ ግራጫ የፒቪሲ ቱቦ ተጋድሟል፤ ጫፉ ላይ ሾጣጣ ፊልትሮ ተሰክቶበታል። ሥራው ለዓይን የሚያስነቅፍ አይደለም። ቱቦው በልኩ ተቆርጧል፣ ክርኑ ተጣብቋል፣ ማሰሪያዎቹ ጠብቀዋል።

«ጋሼ፣ ፊልትሮው እኮ አዲስ ነው፤ ገና ወር አልሞላውም» አለ የጋራዡ ልጅ።

ሾፌሩ መልስ አልሰጡትም። ቱቦው ከካርቡራተሩ ጋር የሚገናኝበትን ማሰሪያ አስፈትተው ሌባ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ቀይ ነበር። ጣታቸውን ፊቱ ላይ አቁመው፣ «ታዲያ ይሄ በየት በኩል ገባ?» አሉት።

በእጅ ስለሚሠራ የአየር መሳቢያ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች ጥያቄ ነገሩን እቅጩን የተናገረ ግን አላጋጠመኝም። ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ የሚለው «ሞተሩ ትንፋሽ አጥሮታል፣ አየር እንዲበዛለት አድርግልኝ» ነው። ባለሙያውም የፊልትሮውን ሣጥን ነቅሎ ሰፊ ቱቦ ይገጥማል፤ ድምፁ ይጎላል፣ ባለመኪናው ይደሰታል። የጅማና የዙሪያዋ የቡና ከተሞች ችግር ግን የአየር ማነስ ሆኖ አያውቅም። እዚህ አገር የሚያዋጣው መሳቢያ ቀዝቃዛውንና ንጹሑን አየር ፈልጎ የሚስብ፣ ከፊልትሮው ወዲያ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ የሌለበት ነው። ስፋቱ የመጨረሻው ጉዳይ ነው።

ነገሩ ዛሬ የሚያነጋግረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ተሻገረ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ ዋጋውን በዚያው ልክ አስተካከለ፤ የጅማ ጋራዥ ዕቃ የሚያስመጣው ከዚያው ነው። ነዳጁም አልተኛም፤ በ2014 ክረምት መግቢያ 48 ብር ገደማ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ያረጀ መኪና ያለው ሰው የሚቀይርበት አዲስ የለውም፣ የተሰነጠቀ የፊልትሮ ቤት በኦሪጅናል ለመተካት አቅሙ አይፈቅድም፣ ነዳጅ የሚቆጥብ ነገር አለ ሲሉት ጆሮውን ይሰጣል። ፒቪሲ ቱቦና ላሜራ ወደ ሞተር ክፍል የገቡት በእነዚህ ሦስት በሮች ነው።

መጀመሪያ «ትንፋሽ አጠረው» የሚለውን ስሞታ እንመልከት። ስሞታው እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉን የሚያገኘው በእያንዳንዱ ምት ከሚውጠው የአየር ክብደት ስለሆነ፣ ከጉልበቱ ከመቶ 16 እስከ 19 እጅ የሚሆነውን ገና ጅማ ሳይደርስ መንገድ ላይ ጥሎታል። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጊቤ ድልድይ ወርዶ እንደገና ወደ አበልቲ የሚወጣ ሹፌር ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦም መኪናው አንድ ማርሽ ይለምነዋል። ይህን ጉድለት የሚሞላ ቱቦ የለም። ሣጥኑን አውልቀህ ብትጥለው፣ ሞተሩን ያለ ፊልትሮ ብትነዳው እንኳ፣ ከውጭ የሚገባው ያው የደጋ ስስ አየር ነው።

ይባስ ብሎ ብዙው የእጅ ሥራ ያለውንም ያስቀንሳል። የፋብሪካው ሣጥን አፉን ወደ ግንባር መብራቱ ወይም ወደ ጭቃ መከላከያው ውስጥ አሻግሮ የሚያወጣው ለጌጥ አይደለም፤ ከራዲያተሩና ከጭስ ማውጫው ሙቀት ርቆ የውጭውን አየር እንዲስብ ነው። ሾጣጣው ፊልትሮ ኮፈን ሥር ሲራቆት የሚስበው ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር ነው። ውጭ 25 ዲግሪ ሆኖ ኮፈን ሥር 60 ቢደርስ፣ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ለሚወጣ የጭነት መኪና ይህ ብርቅ አይደለም፣ የአየሩ ክብደት ከመቶ 10 እጅ ይቀንሳል። ደህና ይዞታ ላይ ያለ የወረቀት ፊልትሮ ይህን ያህል ጉልበት ነጥቆ አያውቅም። ባለመኪናው «ተሻለው» የሚለው በጆሮው ነው። ሣጥኑ ያፍነው የነበረው የመሳብ ድምፅ ተለቀቀ፣ ያ ድምፅ ጉልበት መሰለው። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ማታ ማታ ዲኤክስ ኮሮላቸውን የሚያስጮኹትን ወጣቶች አልወቅሳቸውም። እነሱ የሚፈልጉት ድምፅ ነው፣ ድምፅ ደግሞ አግኝተዋል። የሚያሳዝነኝ በድምፁ ተታሎ የፒስተን ፋሻ የሚያስበላው ነጋዴ ነው።

ነዳጅ ይቆጥባል ስለሚባለውም ተለክቶ የታወቀ ነገር አለ። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ ነዳጃቸው በኮምፒውተር የሚመራ የቤንዚን መኪኖች ፊልትሯቸው ክፉኛ ቢታፈን እንኳ የነዳጅ ፍጆታቸው እንደማይጨምር ታይቷል፤ የሚጎድልባቸው ፍጥነት የማንሣት ጉልበት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አየር ሲያንስ ነዳጁንም ይቀንሳልና። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ላይ ግን የታፈነ ፊልትሮ ከመቶ 2 እስከ 6 እጅ የነዳጅ ብክነት አሳይቷል። ናፍጣውም ሲታፈን ጥቁር ጭሱን ይተፋል። ከዚህ የምንረዳው ቪትዝና አዳዲስ ኮሮላ ያላቸው ሰዎች ለቁጠባ ብለው የሚያሠሩት መሳቢያ ገንዘብ ማባከኛ መሆኑን ነው፤ ካርቡራተር ያለው ሰው ደግሞ ያንኑ ጥቅም ንጹሕ ፊልትሮ በመግጠም ብቻ ያገኘዋል። አዳዲሶቹ ላይ እንዲያውም ሌላ ጣጣ አለ። የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር የተቀመጠው ልኩ በታወቀ ቱቦ ውስጥ ነው። ያን ቱቦ በሰፊ ፒቪሲ ስትተካው ሴንሰሩ ከሚያልፈው አየር የተወሰነውን አያይም፣ ኮምፒውተሩም ነዳጁን አሳንሶ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት የማይጠፋበት መኪና ይዘህ ጋራዥ ለጋራዥ ትዞራለህ።

አሁን ወደ አቧራው እንምጣ፤ የዚህ አገር ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

የጅማ አየር ለሞተር ክፉ የሚሆነው ዓመቱን ሙሉ አይደለም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱ ጭቃ እንጂ አቧራ አያውቅም። ሰማዩ ጥቅምት ላይ ሲጠራ፣ ልክ በዚያው ሰሞን፣ ቡናው ይቀላል። ለቀማው ከጥቅምት ተነሥቶ እስከ ታኅሣሥና ጥር ይዘልቃል፣ መንገዱም በእነዚያው ወራት ይደርቃል። መኪናው ከዓመቱ ሁሉ በላይ የሚሠራባቸውና አየሩ ከዓመቱ ሁሉ በላይ የሚቆሽሽባቸው ሳምንታት አንድ ናቸው። ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ በደሌ፣ ወደ ቦንጋም አስፋልቱ ተዘርግቷል፤ ቡናው ግን አስፋልት ዳር አይበቅልም። ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ኮሳ፣ ከማና፣ ከጉማይ ቀበሌዎች ውስጥ ውስጡን በጠጠርና በቀይ አፈር መንገድ ነው የሚወጣው። እሸት ቡና ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ደርሶ ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። የዚሁ አካባቢ የሆነው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የጣዕም ውድድር አንደኛ ሲወጣ ሁሉም ያወራው ስለ ከፍታውና ስለ ጥላ ዛፉ ነበር። በተለቀመበት ቀን ማታ እሸቱን ያደረሰው ሞተር ስም የሚያነሣለት አላገኘም፤ ግድ የለም፣ ልማዱ ነው። እንዲህ በጥድፊያ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ታፈነ ተብሎ ለግማሽ ቀን አይቆምም። ሹፌሩ አንድም ፊልትሮውን አውጥቶ ይጥለዋል፣ አንድም በሆነ ነገር ይተካዋል፣ እና ይነዳል።

የሚውጠውን እንቁጠር። 4.3 ሊትር የሆነ የአይሱዙ ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 200 ኪዩቢክ ሜትር የሚሆን አየር ይስባል። ፊልትሮ የሚፈትሹ ፋብሪካዎች ከፊት ያለው መኪና የማይታይበትን አቧራ በኪዩቢክ ሜትር 0.9 ግራም ገደማ አድርገው ይወስዱታል። ሁለቱን አባዛቸው፤ በዚያ ዓይነት አቧራ ውስጥ አንድ ሰዓት ሌላ መኪና ተከትሎ የሄደ አይሱዙ 180 ግራም አቧራ ወደ ፊልትሮው ይጠራል፤ ሁለት ሲኒ ሞልቶ የሚተርፍ ማለት ነው። ፊልትሮው ከመቶ 99.5 እጁን ቢይዝ 0.9 ግራም ያልፋል። ከመቶ 98 እጁን ቢይዝ 3.6 ግራም ያልፋል። 98ና 99.5 ወረቀት ላይ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሲሊንደሩ የሚያየው ግን አራት እጥፍ ልዩነት ነው። በስፖንጅ፣ በሴቶች ስቶኪንግ፣ በጆንያ ጨርቅ የሚሠራ ማጣሪያ ከ98ም በታች ይወርዳል፤ ጆንያው በዚያ ላይ የራሱን ክር ይጨምራል።

ያ ያለፈው ነገር ደግሞ የዋህ አፈር አይደለም። ቀዩ ሸክላ ብቻውን ለስላሳ ነው፤ መንገዱ ላይ የተነጠፈው ጠጠር በጎማ እየተፈጨ የሚሰጠው ብናኝ ግን ከሲሊንደሩ ብረት የሚጠነክር ቅንጣት አለበት። በፒስተኑና በሸሚዙ መካከል ያለችው የዘይት ሽፋን እጅግ ስስ ናት፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ለሷ ተራራ ነው። ሞተርን የሚበላው በዓይን የማይታየው፣ በዘይቱ ስስነት ልክ የሆነው ብናኝ ነው። ፋሻው ይሳሳል፣ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰማያዊ ጭስ ይጀምራል። ባለመኪናው ያኔ «ዘይቱ ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» ይላል።

ስለዚህ የሾፌሩ ጣት ላይ ወደ ታየው ቀይ ነገር ልመለስ። ፊልትሮው አዲስ ነበር፣ ደህናም ነበር። ችግሩ ከፊልትሮው ወዲያ ነው። ቱቦው ሾጣጣውን በሚቀበልበት አንገት ላይ የአንድ ወረቀት ውፍረት የማይሞላ ክፍተት ነበረች፤ ፒቪሲው ክብ ነው፣ የፊልትሮው አንገት በጥቂቱ ሞላላ፣ ማሰሪያው ሲጠብቅ አንድ ጎኑ ተነሣ። አየር የቀለለውን መንገድ ያውቃል። ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን ያየ ሰው ከዚያች ክፍተት ተነሥቶ ወደ ሞተሩ የሚወርድ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ የመሰለ መስመር ያያል። ይህ መስመር የእጅ ሥራ ሁሉ ፈተና ነው። የፋብሪካው ሣጥን ክዳኑ ላይ ባለው የጎማ ጠርዝ የሚገላገለውን ነገር፣ በእጅ የሠራ ሰው በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ እንደገና መክፈል አለበት። መገጣጠሚያው በበዛ ቁጥር ዕዳው ይበዛል።

ኦሪጅናል ሣጥን ያለውም ሰው ከጥፋት የራቀ እንዳይመስለው። ፊልትሮ ሲጸዳ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። ወይ የመኪናው ጎማ ላይ ይደበደባል፣ ወይ ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ በኮምፕረሰር ይነፋል፤ ያውም ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ጎማ በሚነፋበት ሙሉ ግፊት። ድብደባው ጠርዙን ያጣምማል፣ ግፊቱ ወረቀቱን ይበሳል። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ራቅ ተብሎ፣ በዝቅተኛ ግፊት መንፋት ምንም ወጪ የለውም። ከዚያ ጨለማ ቦታ ገብቶ የስልክ መብራት ፊልትሮው ውስጥ አብርቶ ማዞር ነው፤ እንደ ኮከብ ነጥብ ነጥብ የሚል ብርሃን ከታየ ፊልትሮው ወንፊት ሆኗል።

የድሮ ሰዎች ይህን ችግር በሌላ መላ ነበር የሚወጡት። የጅማን መንገድ ለመኪና የከፈተው ጣሊያን ትቶት ከሄደው ነገር ግማሹ ቋንቋ ነው፤ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ዛሬም ጋራዥ ውስጥ አማርኛ ናቸው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ የመጡት ላንድሮቨሮችና የጭነት ፊያቶች ዘይት የሚቀመጥበት ድስት መሳይ ማጣሪያ ነበራቸው። አየሩ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱ ፊት ላይ በድንገት ሲታጠፍ አቧራው መታጠፍ አቅቶት ዘይት ውስጥ ይቀራል። መለዋወጫ አይጠይቅም፤ ጭቃ የሆነውን ዘይት ደፍቶ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ አዲስ መሙላት ነው። ወረቀቱን ያህል አያጣራም፣ በተለይ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር። አቧራ በነጋ በጠባ ለሚያይ፣ ወረቀት ፊልትሮ በእጁ ለሌለው መኪና ግን ከስፖንጅና ከጆንያ በእጅጉ ይሻላል። ከምልክቱ በላይ ዘይት የሞላበት ናፍጣ ሞተር ግን ዘይቱን ራሱ ስቦ እንደ ነዳጅ ማቃጠል ይጀምራል፤ ቁልፍ ቢያጠፉት አይጠፋም።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው መላ ተሠርቶ የቆመው ጀንፈል መቀሸሪያዎቹ ዘንድ ነው። ቡና ሲቀሸር የሚወጣውን ገለባና ብናኝ የሚለይ ትልቅ የቆርቆሮ ሾጣጣ ያላቸው መቀሸሪያዎች አሉ። አየሩ ከላይ በጎን ይገባል፣ ሾጣጣው ውስጥ ይሽከረከራል፣ ከባዱ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ከታች ይወርዳል፣ ቀሊሉ አየር በመካከል ወደ ላይ ይወጣል። ፊልትሮ የለውም፣ የሚታፈን ነገር የለውም። ይህንኑ በትንሹ፣ ከታች የሚከፈት አቧራ መያዣ አድርጎ፣ ከመኪናው ፊልትሮ በፊት መግጠም ላሜራ ለሚቆርጥ ባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ትራክተሮች ላይ የሚታየው ብርጭቆ መሳይ አቧራ መያዣ ሥራው ይኸው ነው። ደቃቁን ብናኝ አይዝም፤ ስለዚህ ፊልትሮውን አይተካም። ሻካራውን ቀድሞ ሲያስቀረው ግን ፊልትሮው ለቀማው እስኪያልቅ ይደርሳል፣ ሹፌሩም መንገድ ላይ አውጥቶ ለመጣል አይገደድም። ቱቦ ለማስፋት የሚወጣው ገንዘብና ጥበብ እዚህ ላይ ቢውል ኖሮ እላለሁ።

እንግዲህ መሥራቱ ግድ ከሆነ እንዴት ይሠራ? ሾጣጣ ከመግዛት ይልቅ በየሱቁ ለሚገኝ የታወቀ መኪና የወረቀት ፊልትሮ ልክ የላሜራ ሣጥን ማስበየድ ይሻላል። ብየዳው ካለቀ በኋላ ውስጡ ተፈግፍጎ መታጠብ አለበት፤ የብየዳ ፍንጣሪ ከአቧራ የከፋ ነው። ፒቪሲ ከ75 ዲግሪ ጀምሮ ስለሚለሰልስ ጭስ ማውጫ አጠገብ ባያልፍ ይመረጣል፤ ሞተሩ ሲስብ ተጨብጦ መንገዱን ይዘጋል። አፉ ከፍ ይበል። የአይሱዙ ሠሪዎች የመሳቢያውን አንገት ከጋቢናው ጀርባ ወደ ላይ ያወጡት ሻካራው አቧራ ወደ መሬት ስለሚያደላ ነው። ከፍታው ክረምት ላይም ያገለግላል፤ ወንዝ ሲሻገር ዝቅ ባለ ቱቦ ውሃ የሳበ ሞተር ቢዬላውን አጣሞ ይቆማል፣ ውሃ አይታመቅምና። ባጃጅ ላይ የሚሠሩ ልጆች ደግሞ ሞተሩ ከኋላ፣ በራሱ ጎማዎች አቧራ መካከል መቀመጡን አይርሱ።

የተሠራው ነገር ያፍናል ወይስ አያፍንም የሚለውም በጆሮ አይዳኝም። መለኪያው ርካሽ ነው። ግሉኮስ የሚሰጥበትን ዓይነት ግልጽ ቱቦ በ«ዩ» ቅርጽ ሰሌዳ ላይ አስሮ፣ ግማሹን ውሃ ሞልቶ፣ አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው ወዲያ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ማገናኘት ብቻ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲስብ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየው የውሃ ልዩነት የመታፈኑ ልክ ነው። ቱርቦ ያላቸው ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ልዩነቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ፊልትሮው ይቀየራል። አንዴ በንጹሕ ፊልትሮ ለክቶ ቁጥሩን ሣጥኑ ላይ የጻፈ ሰው፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚያጸዳ ማንንም አይጠይቅም። ሳያስፈልግ የተከፈተ ፊልትሮ በተከፈተ ቁጥር አቧራ ያስገባል። ከለካ በኋላ ቀዳዳዋን ካልደፈነ ግን ያ ቀይ መስመር ከዚያች ይጀምራል።

የአጋሮው ልጅ ግሉኮስ ቱቦ አልነበረውም። ከአሮጌ ከመነዳሪ ሁለት ጣት የምትሰፋ ቀለበት ቆርጦ በቱቦውና በፊልትሮው አንገት መካከል አስገባት፣ ማሰሪያውን በእኩል በእኩል አጠበቀ። ከዚያ የቱቦውን ውስጥ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወለወለው። ሾፌሩ አጎንብሰው ሲያዩ ቆይተው ኮፈኑን ዘጉ። «ሐሙስ እመለሳለሁ» አሉት ሞተሩን እያስነሡ፣ «ጣትህን ታጥበህ ጠብቀኝ»።